የታይገር ሞዝ ዘይት ማንጠባጠብ፦ የትኛው ጠብታ ያሳስባል፣ የትኛውስ የተፈጥሮ ነው?

ጥያቄው እንግሊዝ አገር ከሚኖሩ አንባቢ የመጣ ነው። ከ3 ጓደኞቻቸው ጋር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ አንድ ታይገር ሞዝ፣ ማለትም ድርብ ክንፍ ያለው አሮጌ የእንግሊዝ ማሠልጠኛ አውሮፕላን፣ አላቸው። አውሮፕላኑ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ፣ ሞተሩም ወርዶ ተሠርቶ፣ አምና ዳግም መብረር ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ 22 ሰዓት በርሯል። እንዲህ ይላሉ፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሃንጋሩን ስንከፍት ወለሉ ላይ ዘይት ተኝቶ እናገኛለን። ከበረራ ስንመለስ ደግሞ ሆዱ ከሞተሩ እስከ ጭራው ጥቁር ነው። አንዳንዴ የፊት መስታወቱና መነጽራችን ላይም ይረጫል። ሁልጊዜ ታንኩን እስከ አፉ ሞልተን ነው የምንነሳው፤ ስንመለስ ጎድሎ ይጠብቀናል። የክለቡ አንጋፋዎች ‹ዘይት ካላንጠባጠበ ውስጡ ዘይት የለም ማለት ነው፣ ተዉት› ይሉናል። እኛ ግን ሸራው ያሳስበናል። ወፍራም ዘይት ብንሞላበት፣ መጋጠሚያዎቹን በሲሊኮን ብንደፍን፣ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ጫፍ ላይ ጠርሙስ ብናስርበት ምን ይመስልዎታል? እስካሁን በቤንዚን ነው የምናጥበው።»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አጣዳፊው እሱ ነው። በቤንዚን ማጠቡን ዛሬውኑ ያቁሙ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። የተዘጋ ሃንጋር ውስጥ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ደረቅ ጨርቅ ሸራ ላይ ሲታሽ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ታይገር ሞዝ ክንፉ እንጨት፣ ልብሱ ሸራ ነው። እሳት ከያዘው ማጥፊያ ፈልጎ ለመድረስ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። በምን እንደሚታጠብ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የአንጋፋዎቹ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ሞተሩ ጂፕሲ ሜጀር ነው፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ 4 ሲሊንደር፣ 6 ሊትር ያህል፣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ሞተር። ከመኪና ሞተር የሚለየው ግን ሌላ ነው፤ ተገልብጦ ነው የተሠራው። ክራንክሻፍቱ (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) ከላይ ነው፣ ሲሊንደሮቹ ከታች ተንጠልጥለዋል። እንዲህ የተደረገው ለምክንያት ነው። ፕሮፔለሩ ከመሬት ከፍ ይላል፣ የሲሊንደሮቹ አናትም የአብራሪውን እይታ አይጋርድም። በምትኩ ግን ዘይቱ ቀኑን ሙሉ ወደ ታች መውረጃ ይፈልጋል። መኪና ላይ ዘይቱ ታች ካርተር (ክራንክሻፍቱን የሚያቅፈው ሳጥን) ውስጥ ይተኛል፣ መጋጠሚያዎቹም አብዛኞቹ ከዘይቱ በላይ ናቸው። እዚህ ግን የሮከር ክዳኖቹ (ቫልቮቹን የሚጫኑትን ክንዶች የሚሸፍኑት)፣ የፑሽሮድ ቱቦዎቹ (እነዚያን ክንዶች የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸው)፣ ቴስታታዎቹ (የሲሊንደሮቹ አናት) ሁሉ ከዘይቱ በታች ናቸው። የደከመች አንዲት ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ብትኖር ዘይቱ ያገኛታል።

ስለዚህ ጥቂት ጠብታ የዚህ ሞተር ተፈጥሮ ነው። ጨርሶ እንዲደርቅ አልማችሁ ከሆነ ገንዘባችሁንም ክረምታችሁንም ትጨርሳላችሁ። ግማሹ ውሸት የሆነው ግን «ተዉት» የሚለው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ይህ አውሮፕላን የአየር ኃይል ማሠልጠኛ ነበር። በየምሽቱ ጨርቅ ይዘው ከሆዱ ሥር የሚገቡ መካኒኮች ነበሩት። ዘይቱ ሸራው ላይ አያድርም ነበር። እናንተ የምትመጡት በሳምንት አንዴ ነው። ያው ጠብታ 7 ቀን ሲተኛ ሌላ ነገር ይሆናል።

መጠኑን በዓይን አትገምቱት። ዘይት ያታልላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 15 ሚሊ ሊትር ነው። ነፋሱ ስስ አድርጎ ሲለቀልቀው ከአንድ ሜትር ተኩል ካሬ በላይ ሊሸፍን ይችላል። ያ ማለት የሆዱን ሰፊ ክፍል ነው። ስለዚህ «ሆዱ ጥቁር ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። የሚነግረኝ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደጎደለ ነው።

ይህን ቁጥር በደንብ እንድታውቁት የምፈልግበት ምክንያት አለ። አውሮፕላን መብረር የሚችለው ቤንዚኑ እስኪያልቅ ብቻ አይደለም፤ ዘይቱ እስኪያልቅም ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ታሪክ ያለበት አንድ በረራ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1947 ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በአንዲት ትንሽ ሳፊር አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነስቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገብቷል። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 31 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። ሳፊሮቹ ለንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ማሠልጠኛነት የመጡ ናቸው፤ ያኔ የነበራቸው ሞተርም የእናንተው ጂፕሲ ሜጀር ሌላ ስሪት ነበር። ሒሳቡን ሥሩት። በሰዓት ግማሽ ሊትር ብቻ ቢበላ ለ31 ሰዓት ከ15 ሊትር በላይ ነው። የእናንተ ታንክ የሚይዘው 9 ሊትር ገደማ ነው። እንዲህ ዓይነት ሞተር ይዞ የሚበር ሰው ፍጆታውን እንደ ስልክ ቁጥሩ ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። ጥያቄውን ሳነብ የያዘኝ «እስከ አፉ ሞልተን» የሚለው ቃል ነው። የእናንተ ዘይት ሞተሩ ውስጥ አይቀመጥም። በአውሮፕላኑ ጎን ውጭ በተሰቀለው ታንክ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ፖምፓ ከታንኩ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ሌላው ሥራውን የጨረሰውን ሰብስቦ ወደ ታንኩ ይመልሳል። የሚመለሰው ዘይት ግን እንደሄደው አይደለም፤ ሞቋል፣ አየር ተቀላቅሎበታል፣ አረፋ ሆኗል። ሲሞቅ ደግሞ መጠኑ ይጨምራል። ታንኩ ከላይ ባዶ ቦታ የሚተውለት ለዚህ ነው። እናንተ ያን ባዶ ቦታ በቀዝቃዛ ዘይት ሞላችሁት። ሞተሩ ሲነሳ ባለፈው ሳምንት ውስጡ ቀርቶ የነበረውም ዘይት ተሰብስቦ ይመለሳል። የት ይግባ? በታንኩ ክዳን ዙሪያና በታንኩ መተንፈሻ ይወጣል። ነፋሱ ይዞት በጎኑና በሆዱ ላይ ይሄዳል። ስትመለሱ ታንኩ ጎድሏል፤ «በላው» ትላላችሁ። ሞተሩ አልበላውም። ታንኩ ነው የተፋው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እስከ አፉ ትሞላላችሁ። እንዲህ እያለ ይዞራል።

መፍትሔው ሳንቲም አያስወጣም። የዘይቱን ልክ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሰዓት እዩ። እኔ የምመክረው ካረፋችሁና ሞተሩ ከቆመ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ አውሮፕላኑ በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ነው። የጎደለውን ያን ጊዜ እስከ ምልክቱ ሙሉ፣ ከምልክቱ አትለፉ። ከበረራ በፊት ጠዋት የምታዩት ዘይት መኖሩንና ክዳኑ በትክክል መዘጋቱን ለማረጋገጥ ነው። የክዳኑን ጓርኒሲዮንም አብራችሁ እዩት። የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ቀይሩት። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያቆሽሸው ግን ብዙ ነው።

ወለሉ ላይ የምታገኙት ደግሞ ሌላ ምንጭ አለው። ሞተሩ ሲቆም ውስጡ የቀረ ዘይት ሳምንቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከፊሉ በፑሽሮድ ቱቦዎቹና በሮከር ክዳኖቹ በኩል ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ይህ የሚታየው ነው፣ የሚያስፈራው ግን የማይታየው ነው። የቀረው ዘይት የፒስተኑን ፋሻ (ዙሪያውን የሚያሽገውን ቀለበት) አልፎ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ቴስታታው ይወርድና እዚያ ይጠራቀማል። ዘይት እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ በሙሉ ኃይል ሲመጣበት የሚለቀው ብረቱ ነው። ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ይታጠፋል ወይም ሲሊንደሩ ይሰነጠቃል። አንዳንዴ ቢየላው ለጊዜው ችሎ ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ አየር ላይ ይሰበራል።

ስለዚህ ከሳምንት ቆይታ በኋላ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ አዙሩት። የማግኔቶው (የካንዴላውን ብልጭታ የሚያመነጨው) ማብሪያዎች ይጥፉ፣ የጋዙ እጀታ ይዘጋ፣ ጎማው በታኮ ይያዝ። ያም ሆኖ ፕሮፔለሩን ሁልጊዜ እንደሚነሳ ቆጥራችሁ ያዙት፤ አንዲት የተበጠሰች የማግኔቶ ሽቦ ማብሪያውን ዋጋ ታሳጣዋለች። ፕሮፔለሩ አንድ ቦታ ደርሶ ድርቅ ካለ አትታገሉት። ወደ ኋላም አትመልሱት። ወደ ኋላ ሲመለስ ዘይቱ በመሳቢያው ቫልቭ ወደ አየር ማስገቢያው ሊወጣና ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። የዚያን ሲሊንደር ካንዴላዎች ፍቱና ዘይቱ ይፍሰስ።

ስለ ፕሮፔለር ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ አውሮፕላን በእጅ ነው የሚነሳው። የሚያስነሳው ሰው የሚቆመው ልክ ዘይቱ በሚንጠባጠብበት አካባቢ ነው። ጫማው ቢያንሸራትተው የሚወድቀው ወደ ፕሮፔለሩ ነው። ሃንጋሩ ደጃፍ ላይ፣ ዘይት ባለበት ወለል ላይ በፍጹም አታስነሱ። ወደ ደረቅ ሣር አውጡት። የፕሮፔለሩን ክንፎች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ የጫማችሁንም ሥር እዩ። ስለ ሸራው ከምትጨነቁት በላይ ስለዚህ ተጨነቁ።

ወደ ፍለጋው እንግባ። ዘይት የሚታየው ከወጣበት ቦታ አይደለም፤ ነፋሱ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ሆዱን እያዩ ምንጩን ማግኘት አይቻልም። ኮፈኑን አውልቁ፣ ሞተሩን በደንብ አጽድታችሁ አድርቁ። ከዚያ የሚጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የሕፃን ፓውደር ስስ አድርጋችሁ ነስንሱ። ሞተሩን ለ5 ደቂቃ ያህል አስነሱትና አጥፉት። ፓውደሩ የረጠበበት ከሁሉ ከፍ ያለው፣ ከሁሉም ወደ ፊት ያለው ቦታ ምንጩ ነው። ከሱ በታችና በኋላ ያለው ሁሉ ተከታይ ነው። በአንድ ቀን አንድ ምንጭ ብቻ አስተካክሉና እንደገና ፈትሹ። 5 ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

በልምዴ መጀመሪያ የሚገኙት የሮከር ክዳኖቹ ናቸው። በዚህ ሞተር ላይ ሮከሮቹ ዘይት የሚያገኙት ክዳኑ ውስጥ ከተሞላው ነው፤ ክዳኑ ልክ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ዘይት ይዞ ከታች ይንጠለጠላል። ከልክ በላይ ከተሞላ ይፈሳል። ጓርኒሲዮኑ ብዙ ጊዜ ቡሽ ነው፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ሰው ታዲያ ብሎኑን ያጠብቃል። ይህ የባሰ ነው፤ ክዳኑ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ጓርኒሲዮንም አይዘው። ክዳኑን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡና ጠርዙ እኩል መቀመጡን እዩ። ካልተቀመጠ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

የፑሽሮድ ቱቦዎቹ ላስቲኮች ቀጥሎ ይመጣሉ። ሙቀት ያደርቃቸዋል። አዲስ የተሠራ ሞተር ላይ እንኳ መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ላስቲክ ተገጥሞ አይቻለሁ። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ግን ቀላል ነው።

መስታወቱና መነጽሩ ላይ የሚረጨው ግን ከሆዱ ዘይት ለዩልኝ። ከታች የወጣ ዘይት ወደ ላይ አይወጣም። ፊታችሁ ላይ የሚደርሰው ከፊት ወይም ከላይ የወጣ ነው፤ ወይ ከፕሮፔለሩ በስተጀርባ ክራንክሻፍቱ ከሚወጣበት፣ ወይ ከካርተሩ የላይኛው ክዳን። ፕሮፔለሩ ሥር ያለው ከሆነ መሃል ላይ ጀምሮ በክብ የተረጨ ምልክት ታያላችሁ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የእንጨት ፕሮፔለር እምብርቱ ዘይት ሲጠጣ ደስ አይለኝም። ሁለተኛ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ አይደለም። ካርተሩ ውስጥ ግፊት ሲበዛ ዘይቱ በቀላሉ በሚወጣበት ይገፋል። ግፊቱ ለምን በዛ የሚለው ነው ጥያቄው። ወይ የመተንፈሻው ቱቦ ተደፍኗል ወይም ጠቧል፤ ወይ የፒስተኑ ፋሻዎች የሚቃጠለውን ጋዝ ወደ ታች ያሳልፋሉ።

የሞተራችሁ 22 ሰዓት እዚህ ላይ ነው የሚያሳስበኝ። አዲስ የተሠራ ሲሊንደር ግድግዳው ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ ስስ ጭረት አለው። ፋሻዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጭረቱ ላይ ተፋትገው ቦታቸውን ይይዛሉ። ለዚህ ጉልበት ያስፈልጋል። ሰው ግን አዲስ ሞተር ሲያገኝ ይሳሳለታል። መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ ቀስ እያለ ያሠራዋል፣ አየር ላይም በዝቅተኛ ጋዝ ይዞራል። ፋሻው በበቂ ኃይል ስላልተጫነ ዘይቱ ግድግዳው ላይ ተጋግሮ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ፋሻው የሚይዘው ነገር የለም። ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ በመተንፈሻውም ይተፋል። ለማሟሻ ጊዜ የሚሞላው ዘይትም የተለየ ነው፤ ብዙ ሠሪዎች ምንም ያልተጨመረበትን ተራ የማዕድን ዘይት ያዛሉ፣ ወደ ሌላው የሚታለፈው ፍጆታው ከረጋ በኋላ ነው። ሞተሩን የሠራላችሁ ሰው የጻፈውን የማሟሻ መመሪያ አውጡና በትክክል ተከትላችሁት እንደነበር እርስ በርስ በግልጽ ተነጋገሩ። 4 ባለቤት ባለበት አንዱ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ያበራል።

ይህን በግምት አትተዉት። በታመቀ አየር የሚሠራውን የሲሊንደር ፍተሻ ባለሙያ ያድርግላችሁ። አየሩ ሲገባ መተንፈሻው ላይ ጆሮ ይሰጣል። እዚያ ከነፈሰ ፋሻው ነው። ማርሚታው ላይ ወይም ካርቡራተሩ በኩል ከነፈሰ ቫልቭ ነው። የአንዱ ሲሊንደር ብቻ ከሆነ አንዱን ብቻ አውርዶ ግድግዳውን እንደገና መፋቅ ይቻላል። ሙሉ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም።

ሰማያዊ ጭስንም በዚሁ ልመልስ፤ ባትጠይቁም ማየታችሁ አይቀርም። ሲነሳ ጥቂት ጊዜ መጨሱ የተገለበጠ ሞተር ልማድ ነው። ጋዝ ዘግታችሁ ረጅም ከወረዳችሁ በኋላ ስትከፍቱ ትንሽ ቢያጨስም አትደንግጡ። በሙሉ ጉልበት እየበረረ የሚያጨስ ከሆነ ግን ጤናማ አይደለም።

አሁን ያሰባችኋቸው 3 መፍትሔዎች። ሦስቱንም አልቀበልም።

ወፍራም ዘይት ጠብታውን ትንሽ ያዘገየዋል። ግን በቀዝቃዛ የእንግሊዝ ጠዋት ፖምፓው አይስበውም፤ ኩሽኔታዎቹና ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ዘይት ሳያገኙ የሚሽከረከሩበት ጊዜ ይረዝማል። ለማጽዳት ብላችሁ ሞተሩን ትበሉታላችሁ። በመመሪያው የተጻፈውን ደረጃ፣ እንደ ወቅቱ፣ ተጠቀሙ። የመኪና ዘይት ደግሞ አይነካም። ለማጽጃነት የሚጨመርበት ንጥረ ነገር ሲቃጠል አመድ ይተዋል፤ አመዱ ይግልና ነዳጁን ያለጊዜው ያቀጣጥለዋል። «ፍሳሽ ያቆማል» ተብሎ በብልቃጥ የሚሸጠውም እንዲሁ ይቅር፤ ላስቲክ አሳብጦ ለጊዜው ይደፍናል እንጂ አያድንም።

ሲሊኮን ከሁሉም የምጠላው ነው። ከውጭ ሲታይ ያምራል። ግን ብሎኑ ሲጠብቅ ከውስጥ በኩልም ተርፎ ይወጣል። ያ ትርፍ ቀን ጠብቆ ይቆረጥና ከዘይቱ ጋር ይዞራል። የዘይት ማጣሪያ ወንፊት ፈትቼ እንደ ትል የተጠቀለሉ የሲሊኮን ቁርጥራጮች አውጥቻለሁ። ወንፊቱ ያዛቸው፣ ተመስገን። ቀጭን የዘይት ቀዳዳ ውስጥ ቢገቡ ኖሮ ሞተሩ በደረቁ ይሠራ ነበር።

ጠርሙሱ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ አሠራሩ ነው አደጋው። በመተንፈሻው የሚወጣው ዘይት ብቻ አይደለም፣ የውሃ ትነትም ነው። ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል። ብርዱ ሲብስ በረዶ ይሆንና ቱቦውን ይደፍናል። ያኔ ካርተሩ ይታፈናል፣ ዘይቱም በፊት በኩል በአንድ ጊዜ ይወጣል። ትንሽ ቆሻሻ ለማስቀረት ብላችሁ ሙሉ ዘይታችሁን ታጣላችሁ። በዚያ ላይ አውሮፕላኑን መለወጥ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይሆንም። የዚህ ዓይነት አውሮፕላን የዲዛይን ኃላፊነት ያለው ዳክስፈርድ፣ እንግሊዝ የሚገኘው ዲ ሃቪላንድ ሰፖርት የተባለው ድርጅት ነው። የተፈቀደ ማሻሻያ ካለ እነሱን ጠይቁና በኢንጂነራችሁ በኩል አስገጥሙ። በገዛ እጃችሁ በሽቦ አታንጠልጥሉ። ኮፈኑ ውስጥ ዘይት የሚመጥ ጨርቅ ትቶ መብረርም እንዲሁ ክልክል ነው። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ከትኩስ ማርሚታ አጠገብ ማለት ክብሪት የሚጠብቅ ችቦ ነው።

ማጽዳቱን በተመለከተ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜው ነው። ባረፋችሁበት ዕለት፣ ሳይደርቅ። መጀመሪያ በወረቀት ወይም በደረቅ ጨርቅ ሳትፈትጉ አንሱት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ጥረጉ፣ በተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ አለቅልቁ፣ አድርቁ። ከፊት ወደ ኋላ ሥሩ፤ ያለበለዚያ ከሞተሩ የሚወርደው ያጸዳችሁትን መልሶ ያቆሽሸዋል። ሞተሩ ራሱ ሲቀዘቅዝ፣ ደጅ ላይ፣ ላምባ በነካ ብሩሽ ይጸዳል፤ ማግኔቶውንና ላስቲኮቹን ሸፍኑ። አሴቶንና የቀለም ማቅጠኛ ሸራው አጠገብ አይድረሱ፣ ዶፑን (ሸራውን የሚወጥረውን ቅብ) ያሟሙታል። በግፊት የሚረጭ የመኪና ማጠቢያም አይሆንም፤ ውሃውን ኩሽኔታና ማግኔቶ ውስጥ ይነዳዋል። ሆዱ ላይ ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ። ጨርሳችሁ ሰም ብትቀቡት የሚቀጥለው ዘይት በቀላሉ ይነሳል፤ ነገር ግን ሲሊኮን የሌለበት ሰም ይሁን። ሲሊኮን የነካው ሸራ ወደፊት ሲጠገን ዶፕ አይዝለትም።

የማይታየውን ውስጡንም እዩ። በሞተሩና በአብራሪው መካከል ካለው የብረት ግድግዳ ሥር ዘይት ሾልኮ ሸራውን ከውስጥ ሊያርሰው ይችላል። የመመልከቻ ክዳኖቹን ከፍታችሁ በባትሪ እዩ። የታችኛው ክንፍ መጋጠሚያ አካባቢ ያለውን እንጨትም አትርሱ፤ ዘይት የጠጣ እንጨት ሲጠገን ማጣበቂያ አይዘውም።

መቼ ነው መብረር የሚቆመው? ፍሳሹ በድንገት ሲለወጥ። ትናንት ጠብታ የነበረው ዛሬ ክር ሆኖ ሲወርድ። የዘይት ግፊቱ ከመመሪያው ሲወርድ። ማርሚታው ላይ ዘይት ደርሶ የመቃጠል ሽታ ሲመጣ። ወንፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ብረት ሲታይ። መስታወቱ አየር ላይ በድንገት ሲሸፈን። ይህ የመጨረሻው ከሆነ ወደ ቤት ለመድረስ አትሞክሩ። ቅርብ ባለው ሜዳ አሳርፉት።

ውሳኔዬ ይህ ነው። በሚቀጥሉት 10 የበረራ ሰዓታት ከአሞላላችሁ በቀር ምንም አትቀይሩ፣ ለኩ። ከበረራ በኋላ እስከ ምልክቱ ሙሉ፤ የጨመራችሁትን በሚሊ ሊትር፣ የበረራችሁትን በደቂቃ፣ ያበረረውንም ሰው ጻፉ። ከሞተሩ ሥር ትሪ አድርጉና በሳምንት የተጠራቀመውን ለኩ፤ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ትሪውን ማንሳት እንዳትረሱ። በዚሁ ጊዜ የፓውደሩን ፍተሻ አድርጉ፤ ልኬቱ ሲያልቅ የሮከር ክዳኖቹንና የፑሽሮድ ላስቲኮቹን በኢንጂነራችሁ በኩል አስተካክሉ። ፊት በኩል የሚረጨው ግን 10 ሰዓት አይጠብቅም፤ ከሚቀጥለው በረራ በፊት መተንፈሻው ይታይ። ታንኩን እስከ አፉ መሙላት ስታቆሙ ቆሻሻው በግልጽ ካነሰ፣ አብዛኛው ችግራችሁ እሱ ነበር። በሰዓት የሚጨመረው ከግማሽ ሊትር ብዙ ካልራቀና ከሳምንት ሳምንት ከረጋ፣ ትሪና ጨርቅ ይዛችሁ በሰላም ብረሩ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ የሲሊንደሩ ፍተሻ ይቀድማል፣ ከዚያ በፊት ለሌላ ነገር ገንዘብ አታውጡ።

ሸራውን አሁን አታስቀይሩት። ምንጩ ሳይዘጋ የሚለጠፍ አዲስ ሸራ ያው ዘይት ነው የሚጠጣው። ጠርዙ የተላቀቀ ወይም በጣት ሲነካ የላላ ቦታ ካለ ኢንጂነሩ አሁኑኑ ይየው፤ ቀለሙ የጠቆረ ብቻ ከሆነ ግን እስከ ክረምቱ ፍተሻ ይቆይ።